የጋሽ ሻዎ ባልዲና የእትዬ አበበች ፏፏቴ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ብዙ ንግግር ሰጠኝ። በንግግሩ ውስጥ «የማይተካ ባለሙያ» ተባልኩ። የሚተካኝ ሰው ከተቀጠረ ግን ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ እሱም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጭባል። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ምስጋና ይግባቸው።

ከሰው ሀብት ክፍል የመጣችው ወይዘሮ «ጋሽ ገረመው፣ ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ አሰቡ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አርፋለሁ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ያን ዕለት ጠዋትም ወደ ቢሮ የመጣሁት እንደ ልማዴ በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ ነበር። ከቤቴ ተነስቼ በቀጥታው ብሄድ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልቁል ወደ ቦንጋ ገበያ ወርጄ፣ በባጃጆቹ መቆሚያ ዞሬ፣ ያንኑ ዳገት እንደገና ወጥቼ ነበር የምገባው። ሰው ምነው ሲለኝ «ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ተራመድ ብሎኝ ነው» እላለሁ። ስኳር የለብኝም። በቀጥታው መንገድ ላይ የእትዬ አበበች በር አለ፤ በዚያ በር ፊት ማለፍ አፍር ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ በር ነው። ነገር ግን ከሥራዬ ካልጀመርኩ ነገሩ አይገባችሁም።

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ከወሊሶ በወጣትነቴ ወደ ካፋ ተመድቤ መጣሁ፤ «ለስድስት ወር ነው» ብለውኝ ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሕንፃዎችን ወለልና ግድግዳ ሳለብስ ኖርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበር፣ ትንሽ እንደሆነ ቀረ። የወረቀቱንም ጣጣ እንተወው፤ አንድ ካርቶን ሴራሚክ ከመጋዘን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፣ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ጋሽ ሻዎን ያገኘኋቸው ሺሺንዳ ነው፣ ጤና ጣቢያ ስንሠራ። የካፋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው ላይ የላስቲክ ቁራጭ በሲባጎ አስረው የሚንበረከኩ። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለተማሩት ቃል አያባክኑም። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከሴራሚኮቹ ጋር በካፊኖኖ ነበር የሚያወሩት። መጀመሪያ መጀመሪያ ድግምት ይመስለኝ ነበር። ቋንቋውን እየለመድኩ ስሄድ «ተቀመጪ፣ በደንብ ተቀመጪ» እያሏቸው እንደሆነ ገባኝ።

የመጀመሪያው ቀን የሲሚንቶ ማንኪያዬን ይዤ ግድግዳው ፊት ስቆም ጠየቁኝ።

«ይቺ ሴራሚክ የት ነው የምትኖረው?»

«ግድግዳው ላይ» አልኩ።

«ግድግዳው የት ነው የሚኖረው?»

ተማሪ ሆኜ መምህር ያፋጠጠኝ ያህል ተሰማኝ። እሳቸውም ማንኪያዬን ተቀብለውኝ ቁጭ አሉ። «ሦስት ቤት አለ» አሉኝ። «ደረቅ ቤት አለ፤ ቢሮ፣ መኝታ ቤት። ታጥቦ የሚደርቅ ቤት አለ፤ ኩሽና፣ ሻወር። ውሃ ውስጥ መኖርም አለ። ቤቷን እወቅ። የምትይዛትን ነገር ከዚያ በኋላ ምረጥ።»

በዚያን ጊዜ የሚመረጥ ብዙ ነገር አልነበረም። ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ታሳድረዋለህ፣ ጠጥቶ ሲጠግብ ታወጣዋለህ፣ ጀርባውን በሲሚንቶ ሞልተህ ትለጥፈዋለህ። ሳታሳድረው ከለጠፍከው የሲሚንቶውን ውሃ ይመጥጥና ሲሚንቶው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ይህን ያላወቀ ሰው ለጣፊ አይባልም ነበር።

ቢታ ገነት ላይ አንድ አዳራሽ ስንሠራ ግን አዲስ ዓይነት ሴራሚክ መጣልን፤ ከባድ፣ ጀርባው ሳይቀር እንደ ብርጭቆ የጠበቀ። እኛ እንደ ልማዳችን አሳደርነው። ይሄኛው ውሃ የማይጠጣ ነው፤ ያሳደርነው ውሃ ጀርባው ላይ ቀረና ሲሚንቶው የሚነክሰው ነገር አጣ። ያወቅነው ግን አዳራሹ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ አልነበረም። ከመጀመራችን በፊት ነው ያወቅነው፤ ያወቅነውም በጋሽ ሻዎ ባልዲ ምክንያት ነው።

ባልዲው እንዲህ ነው። ጋሽ ሻዎ ማንኛውም ውሃ የሚነካው ወይም አዲስ ዕቃ የመጣለት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከዚያው ግንብ የብሎኬት ስባሪ ይወስዳሉ። ለሥራው በመጣው ሲሚንቶ ወይም ማጣበቂያ ሁለት ሴራሚክ በሁለት ስባሪ ላይ ይለጥፋሉ። ጊዜውን ጠብቀው ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ይከቷቸዋል። «ምስክር» ነው የሚሏቸው። ከቀናት በኋላ አንዷን አውጥተው በመዶሻ ይመቷታል። ሴራሚኳ ተሰባብራ ስባሪዋ አልለቅም ካለ ደስ ይላቸዋል። ሙሉዋን ከተላጠች ሥራው አይጀመርም። አለቃ ቢመጣ አይጀመርም። ቢታ ላይ ወጣቱ ኢንጂነር ጨንቆት «ጋሽ ሻዎ፣ ሪፖርቴ ላይ ሥራው ለምን ቆመ ብዬ ልጻፍ?» ሲላቸው «ምስክር እየሰማን ነው ብለህ ጻፍ» አሉት። ጻፈውም። ከበላይ ማንም አልጠየቀውም።

በዚያች ሳምንት ጋሽ ሻዎ የሠላሳ ዓመት ልማዳቸውን ሲጥሉ አየሁ። ሴራሚክ ማሳደር ያስተማሩኝ ሰው «ይሄኛው አይጠጣም፤ አናሳድረውም» አሉና በከረጢት የሚመጣውን አዲሱን የዱቄት ማጣበቂያ አስመጡ። አላፈሩም፣ አልተከራከሩም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ ማድረግ የምችል አይመስለኝም ነበር።

ሁለተኛዋ ምስክር አትመታም። በሚስማር በስባሪው ጀርባ ላይ የቦታው ስም ይጫርና ባልዲው ውስጥ ትቀራለች። ባልዲው ቦንጋ ቤታቸው በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ይቀመጣል። የቦንጋ ዝናብ ራሱ ይሞላዋል። ሺሺንዳም እዚያ ውስጥ አለች፣ ቢታም አለች።

እንግዲህ ወደ እትዬ አበበች ልምጣ።

እትዬ አበበች ችግኝ ነው የሚሸጡት። ግቢያቸው ቦንጋ ውስጥ ካየኋቸው ግቢዎች ሁሉ ያምራል፤ አበባው፣ የአቮካዶው ችግኝ፣ የቡናው ችግኝ በየጣሳው ተደርድሮ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሰላማዊትን ያሳደጉት በዚያ ግቢ ነው። በእኛ ከተማ ሙሽሮች ለፎቶ የሚሄዱበት ቦታ ትንሽ ነው። እትዬ አበበች ደግሞ ልጃቸው ተድራ ወደ ሐዋሳ ልትሄድ ሆነ። «የሙሽራ ፎቶዋን የሰው ሆቴል አትነሳም፤ ያደገችበት ግቢ ነው የምትነሳው» ብለው በራሳቸው እጅ ፏፏቴ መሥራት ጀመሩ።

ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ሥራውን ሳየው ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገልብጠው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ ላዩ ላይ በሽቦና በሲሚንቶ አንድ ሰፊ ሳህን አወጡ። በትንሹ ሳፋ ሁለተኛውን ሠሩ። አንዱን ከአንዱ በላይ በወንዝ ድንጋይ ምሰሶ ላይ አቆሟቸው፤ ከሥር ክብ ገንዳ ገነቡ። ውሃው ከጣሪያ ላይ በአሸንዳ ታንከር ውስጥ ተጠራቅሞ በጎማ ይወርዳል። መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ኢንጂነር ሳይጠይቁ ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት።

የቀረው ማልበሱ ነበር። ትንንሽ ሰማያዊ ሴራሚክ ከጅማ አስመጡና ጠሩኝ። «ገሬ፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትደርስልኛለህ?»

«ለሰላም ሠርግ ያልደረስኩ ለምን እደርሳለሁ?» አልኳቸው። ያኔ ፎርማን ሆኛለሁ፣ ጋሽ ሻዎ ጡረታ ወጥተዋል፣ እኔም ራሴን ጋሽ ሻዎ ማድረግ ጀምሬ ነበር።

የዱቄቱን ማጣበቂያ ብይዝ ሳህኖቹ ከሥራቸው ክብ ስለሆኑ ሴራሚኩ ሳይጠብቅ ይንሸራተታል፣ ደግሞም ከተለጠፈ በኋላ ውሃ ሳይነካው ብዙ ሳምንት መቆየት አለበት። ሱቅ ስሄድ በባልዲ የሚሸጥ ነጭ ማጣበቂያ አሳዩኝ። ተበጥብጦ የመጣ ነው፤ ከፍተህ መቀባት ብቻ። የመሥሪያ ቤታችንን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ በሱ ሠርቼ አንድም አልወደቀብኝም። ክዳኑ ላይ ሻወር የሚወስድ ሰው ሥዕል አለበት። ሻወር ውስጥ የሚሠራ ውሃን አይፈራም ብዬ አሰብኩ። በቃ፣ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ሥራው ሰመረልኝ። ነጩ ማጣበቂያ የሳህኑን ሆድ ሥር እንኳ ይዞ ይቀራል። በአራት ቀን ጨረስኩ። ሳገባድድ ጋሽ ሻዎ ዱላቸውን ይዘው መጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ምስክሯ የት አለች?»

«ጋሽ ሻዎ፣ ጊዜ የለም። ሠርግ ነው።»

«ሠርጉ ያልፋል። ውሃው ግን እዚሁ ነው» አሉና ተነስተው ሄዱ። እኔ አርጅተዋል ብዬ ተውኳቸው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል፣ ግን ያልኩት ይህንኑ ነው።

ዓርብ ጠዋት ውሃው ተለቀቀ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። ሰማያዊው ከውሃው ሥር ሲያበራ እኔ ራሴ ያልሠራሁት መሰለኝ። እትዬ አበበች እጄን ይዘው ሳሙኝ።

እሑድ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለፎቶ ገቡ። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ የምግብ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ውሃው ጠጋ በሉ» አላቸው። ጠጋ አሉ። ያኔ ከላይኛው ሳህን አንዲት ሰማያዊ ሴራሚክ ተላቃ ውሃው ውስጥ ጠብ አለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ቀጥሎ የሳህኑ ሆድ በሙሉ እንደተላጠ ቆዳ ወረደ። ውሃው ነጭ ሆነ፣ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ሰላም ስትሸሽ የቬሎዋ ጫፍ ነጩ ውሃ ውስጥ ገባ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ይቺ ፏፏቴ ትታለባለች እንዴ?» አለና ግቢው በሳቅ ሞላ። ሰላምም መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና አለቀሰች።

እትዬ አበበች አልተቆጡም። ጓዳ ገብተው ጆንያ ይዘው ወጡና የላይኛውን ሳህን ሸፈኑት። ከዚያ እንግዳ ማስተናገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ዕቃዬን ይዤ «ልሥራው፣ በነጻ፣ እንደ አዲስ» አልኳቸው።

«ይቅር ገሬ» አሉኝ። «ለሰላም ነበር። ሰላም ሄዳለች።»

ያን ዕለት ጋሽ ሻዎም መጡ። ጎንበስ ብለው ከገንዳው አንድ ሴራሚክ አነሱና ገልብጠው ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው አሹት። ማጣበቂያው እንደ ለሰለሰ ሊጥ ወጣላቸው። «የታጠበና የሰጠመ አንድ ነው?» አሉኝ። «ሻወር ይታጠባል፣ ይደርቃል። ይቺ መቼ ትደርቃለች?»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። የባልዲው ማጣበቂያ የሚይዘው ውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ ነው። ከፊት ለፊቱ ሴራሚክ ዘግቶታል፣ ከኋላው እርጥብ ሲሚንቶ ነው፣ ከላይ የቦንጋ ሰማይ ነው። ላዩ ጠነከረ እንጂ ውስጡ አልደረቀም። ውሃ ውስጥ ስትከተው ወደ ባልዲው ዘመኑ ተመለሰ። «ያኛው የሚደርቅ ነው። የዱቄቱ የሚበስል ነው፣ እርጥብ ውስጥም ይበስላል። ቦንጋ ውስጥ የሚበስለውን ያዝ» አሉኝ። ከገንዳው ጥቂት ሴራሚክ ለቃቅመው፣ ከጠርዙም የተሰበረ ሲሚንቶ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ለምን አላልኳቸውም። ከዚያ ወዲያ ስለ ፏፏቴው አንድ ቀን አላነሱብኝም።

መንገዴን የቀየርኩት በማግስቱ ነው።

በሰባቱ ዓመታት ብዙ ሠራሁ፣ ደህና አድርጌም ሠራሁ። ማጣበቂያ በክዳን ሥዕል መምረጥ ተውኩ። ከረጢቱን ገልብጬ ጀርባውን አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሰው ያመሰግነኛል። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እግሬ ያንን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥቷል፣ ለምን እንደወጣም ያውቃል።

ጋሽ ሻዎ ያረፉት ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ሲቀረኝ ነው። ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው አስጠሩኝ። «ባልዲውን ለገረመው ስጪው ብሎኛል» አሉ። ባልዲውን አፈሰስኩና ምስክሮቹን አንድ በአንድ በሣሩ ላይ ደረደርኳቸው። ሺሺንዳ። ቢታ። የመናኸሪያው መጸዳጃ ቤት። ሁሉም እንደተለጠፉ ናቸው።

ከሥር፣ ከሁሉ በታች፣ ትንሽ ሰማያዊ ሴራሚክ አገኘሁ። የተለጠፈችው በገንዳ ጠርዝ ስባሪ ላይ ነው። ስገለብጣት በሚስማር በተጫረ የጋሽ ሻዎ ጠማማ ፊደል «አበበች» ይላል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሰውዬው የወደቀችውን ሴራሚክ ወስደው፣ አጥበው፣ በትክክለኛው ማጣበቂያ በዚያው ሲሚንቶ ላይ ለጥፈው፣ ከስድስት ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ አስቀምጠውልኛል። በየሳምንቱ ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። እሳቸውም የሚቀመጡት እዚያው ባልዲው አጠገብ ነበር። ጎንበስ ብዬ እጄን ብከትበት ኖሮ አገኛት ነበር። «ሂድ» አላሉኝም። እስካያት ጠበቁኝ፣ እኔ ግን አላየሁም።

ይህንንም አውቄ ሰባት ወር ያህል ፈራሁ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ቀን ግን ምስክሯን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ መዶሻ ይዤ፣ በቀጥታው መንገድ ሄድኩ።

እትዬ አበበች በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። «ገሬ? መንገድ ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ።

«ጠፍቶኝ ነበር» አልኩና ምስክሯን እጃቸው ላይ አኖርኩ። «ውሃ ውስጥ ነው የኖረችው። ይምቷት።»

አገላብጠው አዩዋት። ፊደሉን ሲያነቡ እጃቸው ቆመ። «የማን ጽሕፈት ነው?»

«የጋሽ ሻዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጉ ሳምንት።»

መዶሻውን ተቀበሉኝና ምስክሯን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው መቷት። ማዕዘኗ ተሰበረ። የቀረው አልተነቃነቀም። በጥፍራቸው ሊፈለቅቁት ሞከሩ፣ አቃታቸው። መዶሻውን መለሱልኝ።

«እሱ ባልዲ ውስጥ ደበቀኝ፣ አንተ ገበያ ዞርክ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሁለት ሙሉ ወንዶች ሰባት ዓመት አንዲት ችግኝ ሻጭ ፈራችሁ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ፏፏቴው ሄደው የበሰበሰውን ጆንያ አነሱት። «ሰላም ለመስቀል ትመጣለች። ጀምር።»

ሥራውን እንዴት እንደሠራሁ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል ግቢው ውስጥ ፏፏቴ የሚያስብ ይኖራል።

መጀመሪያ የድሮውን ማጣበቂያ እስከ ሲሚንቶው ፍቄ አወጣሁ። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ባለ ሱቅ «ከረጢቱ ይለያያል እንጂ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። አንድ አይደለም። የፈለግኩት በዱቄት የሚመጣ፣ ሲሚንቶው ውስጥ የሚያለሰልስና የሚያጠብቅ ነገር የተጨመረበት፣ ጀርባው ላይ ለመዋኛ ገንዳ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበት ነው። «ውሃ ይቋቋማል» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ ዝናብ የነካው ግድግዳም ውሃ ይቋቋማል ይባላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሱቁን ወለል አየሁ። ከረጢቱ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ በእኛ አገር እርጥበት ከሥር ይጠጣል። ማዕዘኑን ጨበጥ አድርጌ ጓል ካገኘሁ ትቼው እወጣለሁ። አራተኛው ሱቅ ከረጢቶቹን በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሯል፣ ጓልም የለበትም። ከእሱ ገዛሁ።

ምስክር ሠራሁ። ሁለት።

ምስክሮቹ እስኪበስሉ ሳህኖቹንና ገንዳውን ውሃ በማያሳልፍ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ ማጣበቂያው ሴራሚኩን ይይዛል እንጂ ገንዳውን ከማፍሰስ አያድነውም። ከላይ ሸራ ወጠርኩ። አንደኛዋን ምስክር ከውሃ አውጥቼ ስመታት ተሰባበረች እንጂ አልለቀቀችም። ያኔ ጀመርኩ። ውሃው ባልዲው ውስጥ ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል። ካማሰልኩት በኋላ ትንሽ አሳርፌ እንደገና አማስለዋለሁ፤ ሲጠጥርብኝ ውሃ አልጨምርበትም፣ እጥለዋለሁ። በጥርሳሙ ማንኪያ በአንድ አቅጣጫ አበጥረዋለሁ፣ የእያንዳንዷንም ጀርባ እቀባለሁ፣ ክፍተት ካለ ውሃ ገብቶ ይተኛበታልና። የሳህኑን ሆድ ከታች ወደ ላይ ጀመርኩት፣ የታችኛው ረድፍ የላይኛውን እንዲሸከም። በቀን ሁለት ረድፍ ብቻ። ብቻዬን ስሆን በካፊኖኖ «ተቀመጪ» እንደምል አስተዋልኩ።

መስከረም ሦስት ቀን ጨረስኩ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቤ፣ ለቦንጋ እርጥበትም ጨምሬ፣ ውሃው የሚገባው ጥቅምት አንድ ነው አልኩ። ሰላም ግን መስከረም አሥራ አራት መጥታ በሃያ ትመለሳለች።

«አንድ ሰዓት ብቻ እንልቀቀው» አሉኝ እትዬ አበበች። «ለፎቶ ያህል። ከዚያ እናደርቀዋለን።»

«አይሆንም እትዬ።»

«ገሬ፣ ልጄ ናት።»

ምናልባት አንድ ሰዓት ምንም አያደርገው ይሆናል። ግን ያኔም «ምናልባት» ብዬ ነው። «መጀመሪያ ያጠፋሁት ጊዜ የለም ብዬ ነው» አልኳቸው። «ሁለተኛ በዚያው አላጠፋም። ከፈለጉ ሌላ ሰው ይልቀቀው፣ እኔ ግን እጄን አላስገባም።» እትዬ አበበች ጎማውን ከታንከሩ ነቅለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

ሰላም በመጣች ማግስት ተጠርቼ ሄድኩ። እናቷ ሁሉንም ነግረዋታል። ሰማያዊውን ሳህን በጣቷ እየዳሰሰች ዞረችው። «ጋሽ ገረመው፣ ውሃ የሌለበት ፏፏቴ ላይ መቀመጥ ይቻላል?»

«መቀመጥ ይቻላል» አልኳት።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እናቷን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ስልኳን ሰጠችኝ። «በሠርጌ ቀን ከእማዬ ጋር ለብቻችን የተነሳነው ፎቶ የለኝም። ሲወድቅ ሁሉም ሰው ፏፏቴውን ያይ ነበር» አለች። አራት ጊዜ አነሳኋቸው። አንዷ ደህና ወጣች። በዚያች ፎቶ ላይ እትዬ አበበች እየሳቁ ነው።

ጥቅምት አንድ ቀን ጎማውን ራሳቸው ከጓዳ አውጥተው ገጠሙት። ውሃው ከላይኛው ሳህን ሞልቶ ወደ ታችኛው ወረደ። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ድምፅ ጠበቅሁ። ጠብ የሚል ነገር አልሰማሁም። በማግስቱም ሄድኩ፣ በሳምንቱም ሄድኩ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው። እትዬ አበበች ስልካቸውን ወደ ውሃው አስጠግተው ለሰላም ሲያሰሟት «ስሚ፣ ስሚ» ይላሉ፤ እሷ ስትስቅ ከዚያ ማዶ ይሰማኛል።

በወሩ ማዕዘኗ የተሰበረውን ምስክር ወደ ጋሽ ሻዎ ባልዲ ልመልሳት ስጠይቃቸው ከለከሉኝ። «የእኔ ናት» አሉኝ። ሚስማር አምጥተው ሰጡኝ። «አበበች» ከሚለው ጠማማ ፊደል ሥር «ሻዎ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ከእሳቸው አይሻልም። እትዬ አበበች ተቀበሉኝና ገንዳው ውስጥ፣ ውሃው የሚወርድበት ሥር አስቀመጧት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ተነስቼ በቀጥታው መንገድ እሄዳለሁ። በእትዬ አበበች በር ሳልፍ እቆምና ውሃውን አዳምጣለሁ፣ ከዚያ እስከ ድሮ መሥሪያ ቤቴ አጥር ድረስ እሄዳለሁ። ዘበኛው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። «ጋሽ ገረመው፣ ጡረታ ወጡ አይደል እንዴ?»

«ወጥቻለሁ» እለዋለሁ። «መንገዱን እየለመድኩት ነው።»